ትልቁ ከተማ አላዳነውም፦ «ሆም አሎን 2 ይበልጣል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«ሁለተኛው ሆም አሎን ከመጀመሪያው ይበልጣል» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አገኘሁት። ሞቅ ያለ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ፊልሙን ከልባቸው እንደሚወዱት ያስታውቃል። ክርክራቸው ግን አልተዋጠልኝም።

ነጥባቸው ባጭሩ ይኸው ነው። ክፍል ሁለት ከአንድ ቤት ወጥቶ ኒው ዮርክ ገባ፣ ስለዚህ አደገ። ወጥመዱ በዛ፣ ስለዚህ ሳቁ በዛ። የሆቴሉ ክፍል የመጀመሪያው ፊልም ያልነበረው ሀብት ነው። እርግብ የምትመግበው ሴትዮ ከመጀመሪያው ሽማግሌ የጠለቀች ናት። እናትየዋም በዚህኛው ጠንክራለች። መደጋገሙ የማንኛውም ተከታይ ፊልም ዕጣ ስለሆነ አይወቀስም፣ ገበያውም መስክሮለታል። በዚህ ላይ «የመጀመሪያውን ያላየ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ቢያይ ምንም አይቀርበትም» ብለው ይዘጋሉ።

እኔ ብዙ ይቀርበታል ባይ ነኝ።

ለማስታወስ ያህል፣ የመጀመሪያው ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1990 ነው። ጆን ሂውዝ ጻፈው፣ ክሪስ ኮለምበስ ዳይሬክት አደረገው። ማካውሌይ ከልከን ኬቨን የሚባለውን የ8 ዓመት ልጅ ሆኖ ሠራ። አንድ ትልቅ ቤተሰብ ለገና ወደ ፓሪስ ለመብረር እየተጣደፈ ሲወጣ ልጁን ቤት ረስቶት ይሄዳል። ሁለት ሌቦች ደግሞ ቤቱ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። ሁለተኛው በ1992 መጣ። አሁን ቤተሰቡ የሚሄደው ማያሚ ነው። ኬቨን ግን ኤርፖርት ውስጥ የአባቱን የመሰለ ካፖርት የለበሰ ሰው ተከትሎ ኒው ዮርክ ያርፋል። ሌቦቹም ከእስር ቤት አምልጠው እዚያው ከተማ ገብተዋል። ደራሲው ያው፣ ዳይሬክተሩ ያው፣ ሌቦቹን ሃሪንና ማርቭን የሠሩት ጆ ፔሺና ዳንኤል ስተርን እነዚያው፣ እናትየዋ ካትሪን ኦሃራ ያቺው። ሙዚቃው እንኳ የዚያው የጆን ዊሊያምስ ነው። ስለዚህ «ሰው ተቀይሮ ነው የተበላሸው» ማለት አይቻልም። የተቀየረው ቦታው ነው። የእኔና የጸሐፊው ጠብ እዚያው ላይ ነው።

እንግዲህ ከከተማው እንጀምር። ጸሐፊው «ከአንድ ቤት ወደ ኒው ዮርክ መውጣት ዕድገት ነው» ይላሉ። ለካሜራው ዕድገት ሊሆን ይችላል። ለታሪኩ ግን ኪሳራ ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ጉዳይ ሌባ አይደለም። ጉዳዩ ቤት ነው። ልጁ የተወለደበትን ቤት ብቻውን ሲሆን እንደ አዲስ ነው የሚተዋወቀው። ምድር ቤቱን አስታውሱት። ትልቅ ማሞቂያ አለ። ኬቨን ሲወርድ ማሞቂያው እንደ አውሬ ያገሳል፣ በሩ እንደ አፍ ይከፈታል፣ ውስጡ እሳት ነው። መጀመሪያ ላይ ልጁ እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል። በኋላ ሌላ ቀን ልብስ ሊያጥብ ይወርድና ያው ማሞቂያ ሲጀምረው ዞር ብሎ «ዝም በል» ይለዋል። ዝም ይላል። ልጁም ልብሱን ማጠቡን ይቀጥላል። እዚህ ትዕይንት ውስጥ ሌባ የለም፣ ወጥመድ የለም፣ የሚወድቅ ሰው የለም። ግን ፊልሙ ሁሉ እዚያ አለ። ልጅ ሆኖ በገዛ ቤቱ ውስጥ የሚፈራው ጥግ ያልነበረው ማን አለ?

ከዚያ ደግሞ ግዢው አለ። ልጁ ሱፐርማርኬት ይሄዳል። የቅናሽ ኩፖን ይዟል። ካሸሯ «ብቻህን ነህ እንዴ?» ዓይነት ጥያቄ ስታዥጎደጉድበት፣ የ8 ዓመት ልጅ ብቻውን እዚህ ይመጣል ብላ እንደሆነ መልሶ ይጠይቃታል። ሂሳቡ 19 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነው። ከፍሎ ይወጣል፣ ኮራ ብሎ ይራመዳል፣ መንገድ ላይ ሁለቱም ከረጢቶች ይቀደዱና ዕቃው መሬት ይፈሳል። ልጅነት ማለት ይቺ ናት። ትልቅ ሰው መምሰል ይቻላል፣ ከረጢቱ ግን አይችልም።

አሁን ወደ ኒው ዮርክ እንምጣ። ኬቨን እዚያ ሲደርስ የአባቱ ቦርሳ እጁ ላይ ነው። ቦርሳው ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አለ፣ ክሬዲት ካርድም አለ። የመጀመሪያው የከተማ ጉዞ የፖስትካርድ ሰልፍ ነው። ቻይና ታውን ይታያል፣ የዓለም ንግድ ማዕከል አናት ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ፕላዛ ሆቴል። ልጁ ምን ይጎድለዋል? ምንም። ምን ይፈራል? ለረጅም ጊዜ ምንም። ፊልሙ መገባደጃ ላይ አባትየው የሩም ሰርቪሱን ሂሳብ አይቶ ይጮሃል፣ 967 ዶላር ደርሷል። እስቲ ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የ19 ዶላሩ ልጅ ራሱን ለማኖር እየሞከረ ነው። የ967ቱ ልጅ ሽርሽር ላይ ነው። በሁለቱም መሳቅ ይቻላል። የምንጨነቀው ግን ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ማታ ላይ ከተማው ትንሽ እንደሚያስፈራ አልክድም። ልጁ ከሆቴሉ ወጥቶ ሴንትራል ፓርክ ገብቶ ሲባዝን ልብ ይነካል። ግን ያን ጊዜ የፊልሙ ግማሽ አልፏል። እንግዳ ከተማ ደግሞ ማንንም ያስፈራል፣ ትልቁንም ትንሹንም። የገዛ ቤትን መፍራት ግን የልጅ ብቻ ነው። ክፍል ሁለት የጣለው ይህንን ነው።

ወደ ወጥመዶቹ ልለፍ። ጸሐፊው ብዙ ቦታ የሰጡት ለዚህ ነው፣ እኔም እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

«ሁለተኛው ይበልጥ ያስቃል፣ ምክንያቱም ወጥመዱ ይበልጥ ከባድ ነው» ይላሉ። ለምሳሌም ጡቡን ያነሳሉ። ኬቨን ፎቅ ላይ ሆኖ ጡብ ይወረውራል፣ ማርቭ ግንባሩን ይመታል፣ ይወድቃል። ይነሳል፣ ሌላ ጡብ። እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ጡብ። ልጆች በዚህ እንደሚስቁ አውቃለሁ። ይሳቁ። ግን አስተውሉ፣ እዚህ ወጥመድ የለም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ልጅ የሰው ጭንቅላት ላይ ድንጋይ እየወረወረ ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ኬቨን እንዲህ አይሠራም፣ ወይም ከስንት አንዴ ነው። እሱ ዕቃውን ያስቀምጣል፣ ሌቦቹ ራሳቸው ይሄዱበታል። የበሩ እጀታ እሳት መስሎ ግሏል፤ ሃሪ ግን አልመለስም ብሎ ይይዘዋል፣ መዳፉ ላይም የቤተሰቡ ስም መነሻ ፊደል ይታተምበታል። መሬት ላይ የተበተነው የገና ዛፍ ጌጥ ነው፤ ማርቭ ጫማውን ደረጃው ላይ ሬንጅ ውስጥ ትቶ በባዶ እግሩ መስኮት ዘሎ ይገባበታል። ካውያው ከላይ የሚወርደው መብራት መስሎት ገመድ ስለጎተተ ነው። ሌቦቹን የሚቀጣቸው ግትርነታቸው ነው። ተመልሰው መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም። ለዚህ ነው ሳቃችን የማይቆረቁረን።

ዕቃዎቹንም ተመልከቷቸው። ካውያ፣ የገና ዛፍ ጌጥ፣ መጫወቻ መኪና፣ ላባ፣ የወንድሙ ሸረሪት። ሁሉም እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ልጁ ክራዮኑን ይዞ የቤቱን ካርታ ይስላል፣ እኛም ካርታውን እናያለን። ደረጃው የት እንዳለ እናውቃለን፣ የምድር ቤቱ በር የት እንደሚያስወጣ እናውቃለን፤ ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ እየኖርን ነው። ማርቭ ወደ ምድር ቤቱ ሲያመራ እኛ ቀድመነው ደርሰናል። የሳቁ ግማሽ ከመውደቁ በፊት ነው የሚመጣው። (በነገራችን ላይ ያ ሸረሪት እውነተኛ ነው። ዳንኤል ስተርን ፊት ላይ የሄደው እሱው ነው።)

በክፍል ሁለት ግን ኬቨን ሌቦቹን የሚወስዳቸው ወደ አጎቱ ቤት ነው። ቤቱ እድሳት ላይ ነው። ባለቤቶቹ የሉም፣ ግድግዳው የተላጠ፣ ወለሉ የተቀደደ፣ ቤቱ በሙሉ የግንባታ ዕቃ ነው። የመሣሪያ ሣጥን አለ፣ ጋዝ አለ፣ ኤሌክትሪክ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ለመጉዳት ብልሃት አያስፈልግም። ሠራተኞቹ ራሳቸው ቢጠነቀቁ ነው። ቤቱን ደግሞ ከዚህ በፊት በቅጡ አናውቀውም። ማርቭ በር ከፍቶ ሲገባ ወለል የለም፣ ዘጭ ይላል። ያስደነግጣል፣ ያስቃልም። ግን ቀድመን አላወቅንም፣ አልጠበቅንም፣ አልጓጓንም። ኤሌክትሪኩ ሲይዘው አፅሙ እስኪታይ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰው መሆኑ ቀርቶ ካርቱን ሆኗል፣ ምንም ቢደርስበት አይቆጠርም።

ምክንያቱም ተቀይሯል። በመጀመሪያው ኬቨን «ይህ ቤቴ ነው፣ መከላከል አለብኝ» ይላል። ጨዋታው በሙሉ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ይመዘዛል። በሁለተኛው ሌቦቹ ሊዘርፉ የሄዱት የአሻንጉሊት መደብር ነው፣ ገንዘቡም ለሕፃናት ሆስፒታል የሚሄድ ነው። ኬቨን መስታወቱን በድንጋይ ሰብሮ ደወሉን አስጮኸው፣ ፎቶም አነሳቸው። እንግዲህ ፖሊስ ይመጣል፣ ማስረጃውም አለ። ሌባ ባዶ ቤት ድረስ አባብሎ ወስዶ ጡብ መወርወር ምን አመጣው? ጸሐፊው «በጎ ዓላማ ስላለው ይበልጥ ጀግና ነው» ብለዋል። ዓላማው በጎ ነው፣ እሺ። ጡቡ ግን ከዓላማው ጋር አይገናኝም።

ሆቴሉን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ምርጡ ክፍል እሱ ነው። ኬቨን ቶክቦይ በሚባለው መቅረጫ ድምፁን አጎርንኖ በአባቱ ስም ክፍል ሲይዝ፣ የሆቴሉን ሠራተኛ ሆኖ የሠራው ቲም ከሪ ያንን የጠረጠረ ፈገግታውን ሲያሳይ፣ ክሬዲት ካርዱ የተሰረቀ ነው የሚል መልስ ሲመጣ ፈገግታው ቴሌቪዥን ላይ ካለው ግሪንች የሚባል የካርቱን ገጸ ባሕርይ ፈገግታ ጋር ሲገጥም፣ እነዚህ ሁሉ የተዋጣላቸው ናቸው። መቅረጫው ተወዶ አሻንጉሊት ሆኖ ለገበያ እስከ መውጣት ደርሷል።

ታዲያ ፊልሙ ከዚያ ሆቴል ለምን ወጣ? ይህ ነው የሚያናድደኝ። እጃቸው ላይ አዲስ ቤት ነበራቸው። ሊፍት ያለው፣ ኮሪደር ያለው፣ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ያለው፣ ልጁን ከውስጥ የሚያሳድድ ሥራ አስኪያጅ ያለበት ቤት። ሌቦቹ እዚያ ቢገቡ፣ ኬቨን በአንድ በኩል ከሌባ በሌላ በኩል ከአስተናጋጅ ቢሸሽ፣ የራሱ የሆነ ፊልም ይወጣው ነበር። ግን ልጁ አመለጠ፣ ሆቴሉ ተረሳ፣ እኛም ዘወር ብለን ወደ ጡብና ወደ ቀለም ተመለስን። ጸሐፊው ሆቴሉን የክፍል ሁለት ማሸነፊያ አድርገው አቀረቡት። እኔ ግን ፊልሙ ያገኘውን ሀብት ትቶ የድሮውን ፍለጋ እንደሄደ የሚያሳይ ማስረጃ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። ጸሐፊው «የእርግቧ ሴት ከሽማግሌው ማርሊ ትበልጣለች» ሲሉ በተዋናይዋ ይጀምራሉ። ብሬንዳ ፍሪከር ኦስካር ያገኘች ተዋናይ ናት፣ በችሎታዋ የሚከራከር የለም። ከካርኔጊ ሆል ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ኦርኬስትራውን ከላይ እየሰሙ የሚያወሩበት ቦታም ያምራል። ኬቨን ስለ ጫማው ይነግራታል። ጥሩ የመንሸራተቻ ጫማ ነበረው፣ እንዳይበላሽ ብሎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው፣ ውጭ ሳያደርገው እግሩ አደገ። ልብም እንደዚያ ነው ይላታል። ይህ ጥሩ አጻጻፍ ነው። ጆን ሂውዝ የልጅ አፍ ያውቃል።

ግን ማርሊን ከእሷ አጠገብ አስቀምጡት። ሮበርትስ ብሎሰም የሠራው ሽማግሌ ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ በመስኮት ይታያል። ታላቅ ወንድምየው ቡዝ ይህ ሰውዬ ቤተሰቡን በአካፋ የጨረሰ ነው ብሎ አስፈራርቶታል። ሰውዬው መንገድ ላይ ጨው ይበትናል፣ ልጆቹ በመጋረጃ ሥር ሆነው ያዩታል። ኬቨን የጥርስ ብሩሽ ሊገዛ ሄዶ ድንገት ሲያየው ይደነግጥና ብሩሹን ሳይከፍል ይሮጣል። እንግዲህ ለአንድ ሰዓት ያህል ስንፈራው ከቆየን በኋላ በገና ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቡ ይቀመጣል። እዚያ የመጣው የልጅ ልጁ ስትዘምር ለማየት ነው። ከልጁ ጋር ተጣልቷልና ሌላ ቦታ ሊያያት አይችልም። ልደውል ቢል ይፈራል።

ኬቨንም ስለ ምድር ቤቱ ነው የሚነግረው። እፈራው ነበር፣ መብራቱን ሳበራው ግን የሚያስፈራ ነገር አልነበረም ይለዋል። ለልጅህ ደውልለት፣ ቢያንስ መፍራትህ ያበቃል ይለዋል። አያችሁ? ማሞቂያው ተመልሶ መጣ። ልጁ ቤቱ ውስጥ የተማረውን አውጥቶ ለሽማግሌ ሰጠው። ምክሩን ከየት አመጣው ብለን አንጠይቅም፣ ሲማረው አይተነዋል። የመንሸራተቻ ጫማው ግን ለዚያች ውይይት ብሎ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት አላየነውም፣ ከዚያ በኋላም አናየውም።

የሁለቱን ፍጻሜም እዩ። ማርሊ ኬቨንን ከሌቦቹ በአካፋ ያድነዋል፣ በዚያው ሰው ገድሎበታል በተባለው አካፋ። በገና ጠዋት ኬቨን በመስኮት ሲያይ ሽማግሌው ልጁንና የልጅ ልጁን እያቀፈ ነው። ከቤተሰቡ ማንም አያውቅም። ኬቨንና እሱ ብቻ ይተያያሉ። ሰውዬው ደውሏል ማለት ነው። ሕይወቱ ተቀየረ።

የእርግቧ ሴትስ? እሷም ኬቨንን ታድነዋለች፣ ሌቦቹን በእርግብ መንጋ ታስወርራለች። ከዚያ ገና ይነጋል። ቤተሰቡ ሆቴሉ በሰጠው ትልቅ ስዊት ውስጥ፣ ጣሪያ በደረሰ ስጦታ መሃል ይነቃል። ኬቨን ይሮጥና ፓርኩ ድረስ ሄዶ የአሻንጉሊት መደብሩ ባለቤት ከሰጠው ሁለት የዋኖስ ጌጦች አንዷን ይሰጣታል። ያለቅሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ። ከዚያ እሱ ወደ ስዊቱ፣ እሷ ወደ እርግቦቿ። ያንን ሁሉ ስጦታ አይቶ «ነይ አብረን ቁርስ እንብላ» የሚላት አንድ ሰው ጠፋ? ጸሐፊው ይህንን ፍጻሜ «እንባ የሚያስመጣ» ብለውታል። እኔንም ሊያስለቅሰኝ ይችላል፣ በሌላ ምክንያት።

እናትየዋ ጠነከረች የሚለው ደግሞ ከየት እንደመጣ አልገባኝም። በመጀመሪያው ፊልም የእናት ጉዞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፓሪስ ኤርፖርት ውስጥ ሽማግሌ ባልና ሚስት ፊት ቆማ ትኬታቸውን ለማግኘት ጌጧን ከአካሏ እያወለቀች ትደራደራለች። ዳላስ ትደርሳለች፣ ስክራንተን ትደርሳለች፣ ከዚያ በኋላ በረራ የለም። ጆን ካንዲ የሚመራው የፖልካ ሙዚቀኞች ቡድን በጭነት መኪና ይዟት ይሄዳል። ሌሊቱን በሙሉ መጥፎ እናት ነኝ እያለች ራሷን ስትወቅስ፣ ሰውዬው ሊያጽናናት ብሎ አንዴ ልጁን አስከሬን ቤት ረስቶት እንደነበር ያጫውታታል። ፊቷን ማየት ነው። ደክማ፣ ተንገላታ ቤት ስትደርስ ደግሞ የቀረው ቤተሰብ የጠዋቱን በረራ ይዞ ከእሷ ኋላ ደቂቃ ሳይቆይ በር ይከፍታል። ይህ ቀልድ በጣም ጨካኝ ነው፣ በጣምም ትክክል ነው። መጠበቅ ትችል ነበር። እናት ስለሆነች አልቻለችም።

በሁለተኛው ክሬዲት ካርዱ ኒው ዮርክ መሆኑን ይነግራቸዋል፣ ሁሉም አብረው ይበራሉ። የሆቴሉን ሰው በጥፊ ታቀምሰዋለች፣ ደግ አደረገች። ከዚያ ልጄ የገና ዛፍ ይወዳል ብላ ታስባለች፣ ሮክፌለር ሴንተር ትሄዳለች፣ እዚያው ታገኘዋለች። አለቀ። ጥፊ ጥንካሬ ከሆነ እሺ።

መደጋገሙን ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ አለፉት። «ተከታይ ፊልም ይደግማል፣ ሌላ ምን ያድርግ?» ይላሉ። ክፍል ሁለት ግን የሚደግመው ጥቂት ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ኬቨን በወንድሙ ተበሳጭቶ ይረብሻል፣ ጣሪያ ሥር ወዳለው ክፍል ይላካል፤ በሁለተኛውም። በመጀመሪያው ንፋስ መብራት አጥፍቶ ሰዓቱ ሳይጮህ ይቀራል፤ በሁለተኛው አባትየው ሶኬቱን ስለነቀለው። በመጀመሪያው የድሮ የወንበዴ ፊልም ከፍቶ ፒዛ አምጪውን ያባርራል፤ በሁለተኛው የሆቴሉን ሠራተኞች። በመጀመሪያው ቤተሰቡ ፓሪስ ተቀምጦ አንድ የድሮ የገና ፊልም በፈረንሳይኛ ያያል፤ በሁለተኛው ማያሚ ተቀምጦ ያንኑ ፊልም በስፔንኛ። የሚያስፈራ የመሰለ ብቸኛ ሰው፣ ምክር፣ መዳን፣ መጨረሻ ላይ «ኬቨን!» ብሎ መጮህ። ቦታው ላይ ስም እየቀየሩ የተሞላ ቅጽ ነው።

ሌላ ምን ያድርግ ለሚለው መልስ አለ። ፓዲንግተን ስለሚባል ድብ የሚተርከውን ፓዲንግተን 2ን እዩ። በ2017 ወጣ፣ እንደ መጀመሪያው ሁሉ ፖል ኪንግ ነው ዳይሬክት ያደረገው። ድቡ ያው ትሑት ድብ ነው፣ ቤተሰቡም ያው። ግን ባልሠራው ስርቆት እስር ቤት ይገባል። በመጀመሪያው ፊልም አንድ ቤተሰብ የተቀበለው ድብ አሁን ወንጀለኞች መሃል ደግነቱ ይሠራ እንደሆነ ይፈተናል። ያው ሰው፣ አዲስ ፈተና። ተከታይ ማለት እንዲህ ነው። ኬቨን በክፍል ሁለት ምን አዲስ ፈተና ገጠመው? ሌቦቹን አንዴ አሸንፏቸዋል፣ መሸነፋቸውን እሱም እኛም ሌቦቹም እናውቃለን።

ስለ ገበያው ረጅም ክርክር አያስፈልግም። የመጀመሪያው በ18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ወደ 476 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ሁለተኛው በላቀ ወጪ ተሠርቶ ወደ 359 ሚሊዮን። ገበያው ምስክር ከሆነ ምስክርነቱን የሰጠው ለመጀመሪያው ነው። በ1992 ትኬት የቆረጠውም ሰው የቆረጠው በ1990 ያየውን ወዶ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2023 ለብሔራዊ የፊልም መዝገቡ የመረጠውም የመጀመሪያውን ነው።

የቀረችው «የመጀመሪያውን ያላየ ምንም አይቀርበትም» የምትለዋ ናት። ለዚህ ክፍል ሁለት ራሱ ይመልስ። በዚያ ፊልም ውስጥ ከወጥመዶቹ ሁሉ አንጀቴን የምታርሰው አንዲት ናት። ሌቦቹ ደረጃው ሥር ደርሰዋል፣ ኬቨን ከላይ ነው። በገመድ የታሰሩ የቀለም ጣሳዎች ይመጣሉ። ሌቦቹ ግን ዘንድሮ ሞኝ አይደሉም። በመጀመሪያው ፊልም በእነዚህ ዓይነት ጣሳዎች ተመትተዋልና ያውቋቸዋል። ጎንበስ ብለው ያሳልፏቸዋል፣ ተሳካልን ብለው ቀና ይላሉ። ያን ጊዜ ከኋላ ከባዱ የብረት ቧንቧ ይመጣል። ተከታይ ፊልም ካለፈው ጋር ሲጫወት እንዲህ ነው የሚያምርበት። ሌቦቹም ተምረዋል፣ ልጁም መማራቸውን አስልቷል፣ እኛም ሁለቱንም እያየን ነው።

ይህችን ቀልድ የመጀመሪያውን ላላየ ልጅ አሳዩት። ሁለት ሰዎች ጣሳ አሳልፈው በብረት ሲመቱ ያያል። በብረቱ ይስቅ ይሆናል። ጣሳዎቹ ሲመጡ ግን፣ ሌላው ሁሉ ገና ቧንቧው ሳይታይ ሲንከተከት፣ እሱ ዞር ብሎ ምኑ ነው የሚያስቀው ብሎ ይጠይቃችኋል።